እጃችንን ከስለት ስለ መጠበቅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በእጅ ሥራ ክበብ ተማሪዎች የተነገረ ንግግር



 እንዲህ ባለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ መጪው ዘመን ተስፋ መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን በክበባችን ተሰብስበን ከተመካከርን በኋላ፣ ሁላችንም ይዘነው የምንዞረውን፣ ነገር ግን እስኪጎዳ ድረስ የማናስበውን አንድ ነገር መረጥን። ይኸውም እጃችን ነው። የምንናገረውም እንጨት በሚቀርጹ መኪናዎች፣ ማለት በራውተርና በሼፐር ስንሠራ፣ እጃችን በምን ምክንያት እንደሚጎዳና በምን ዘዴ እንደሚጠበቅ ነው።

ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን በእንጨት ሥራ ቤት በረዳትነት እናሳልፋለን። ሳንቃ እንሸከማለን፤ ሰጋቱራ እንጠርጋለን፤ ባለሙያው እንጨቱን ሲገፋ እኛ ጫፉን እንይዛለን። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ «እስቲ አንተ ሞክረው» እንባላለን። በዚያች ሰዓት አስቀድሞ ያስተማረን ሰው ከሌለ፣ የትምህርቱን ዋጋ የምንከፍለው በጣታችን ይሆናል።

የምንኖርበት የጉባ ወረዳ ከጥንት ጀምሮ የእንጨት አገር ነው። አባቶቻችን ሽመሉን ቆርጠው ቤት ሠርተውበታል፤ አጥር አጥረውበታል። ያ ሥራ ሁሉ በመጥረቢያ፣ በቢላዋና በመሮ የሚሠራ ነበር። በእጅ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ኃይሉ የሚመጣው ከክንዱ ስለ ሆነ፣ ክንዱን ሲያቆም መሣሪያውም አብሮ ይቆማል። መሮ ጣት ቢነካ ያቆስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ጊዜ የሚመታው እኛ ደግመን ስንመታ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ኃይል መጥቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በዚሁ በወረዳችን የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኤሌክትሪክ በሚደርስበት ስፍራ ሁሉ ሞተር ይከተላል፤ ሞተርም በገባበት የአናጢ ቤት ሥራው ይፈጥናል፣ ገቢውም ይጨምራል። በዚህ ደስ ይለናል። ነገር ግን ሞተር ያለው መኪና እኛ ክንዳችንን ብናቆምም እርሱ አይቆምም። የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህች አንዲት ልዩነት ናት።

እንግዲህ ስለ መኪናዎቹ ጥቂት እንናገር። ራውተር ሁለት እጀታ ያለው፣ በእጅ ተይዞ በሳንቃው ላይ የሚነዳ ትንሽ መኪና ነው። ከሥሩ የወጣው ስለት እየተሽከረከረ በሳንቃው ላይ ቦይ ያወጣል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያሳምራል፤ የመስኮት መስተዋት የሚገባበትን ይቀርጻል። ራውተሩን ገልብጠው ከገበታ ሥር አስረው፣ ስለቱን ወደ ላይ አውጥተው የሚሠሩበትም ጊዜ አለ። ሼፐር ግን ከባድ መኪና ነው። ከብረት ገበታው መካከል ዘንግ ቆሟል፤ በዘንጉ ላይ ስለት የተሸከመ ክብ ግንድ ይታሠራል፤ ሠራተኛውም እንጨቱን በእጁ እየገፋ ወደ ስለቱ ያቀርባል። የበርና የመስኮት መቃን ቅርጽ የሚወጣው በዚህ ዓይነት መኪና ነው።

ፍጥነታቸውን በሂሳብ ትምህርታችን አሰላነው። አንድ ራውተር በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢሽከረከር፣ በሴኮንድ 333 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ስለቱ ሁለት አፍ ካለው በአንድ ሴኮንድ 666 ጊዜ ይቆርጣል። የሰው እጅ አደጋ ሲሰማው ለመሸሽ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ስለቱ 133 ጊዜ ቆርጧል። ስለዚህ «እኔ ፈጣን ነኝ፤ ሲነካኝ እጄን እስባለሁ» የሚል ጓደኛ ካለ፣ እባካችሁ ይህን ሂሳብ ንገሩት። ሼፐሩስ? ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስለት ግንድ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞር፣ የስለቱ ጫፍ በሰዓት 136 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በጥሩ አስፋልት ላይ ከሚሄድ አውቶቡስ ይበልጣል። ከዚህም በቀር ስለቱ ሲዞር ለዓይን እንደ ጥላ ስለሚመስል፣ የት ላይ እንደሚጀምር በሚገባ አይታይም።

አሁን እጅ እንዴት እንደሚጎዳ እንመልከት። ብዙ ሰው እጅ የሚቆረጠው ወደ ስለቱ ስለሚዘረጋ ብቻ ይመስለዋል። ባለሙያዎችን ጠይቀን እንደ ተረዳነው ግን፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው። ስለቱ ጉጥ ሲያገኝ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲበላ ሲገደድ፣ እንጨቱን ነጥቆ ይወረውረዋል። እንጨቱን ሲጫን የነበረው እጅ ድንገት የሚደገፍበትን አጥቶ በዚያው ኃይል ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት ያለው ደግሞ ስለቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አቅጣጫ ነው። እንጨት ሁልጊዜ የሚገፋው ስለቱ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ያን ጊዜ ስለቱ እንጨቱን ወደ እኛ ስለሚመልሰው፣ ግፊታችን እንደ ልጓም ይይዘዋል። አብረን ከስለቱ ጋር ወደ አንድ ወገን ከገፋን ግን፣ ስለቱ እንጨቱን ከእጃችን መንትፎ እጃችንን አስከትሎ ይወስዳል። በእጅ የተያዘ ራውተር ከላይ ሲታይ ስለቱ እንደ ሰዓት መርፌ ስለሚዞር፣ የሳንቃውን የውጭ ጠርዝ ስንሠራ መኪናውን ከሰዓት መርፌ በተቃራኒ እንነዳለን። ራውተሩ ተገልብጦ ከገበታ ሥር ሲታሠር ነገሩም ይገለበጣል፤ ስለዚህ እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ እንገፋለን። ሼፐር ግን በሁለቱም ወገን እንዲዞር ሆኖ የሚሠራ ስላለ፣ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ስለቱ ወደ የት እንደሚመለከት አይቶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የእንጨቱ ማነስ ነው። ረጅም ሳንቃ እጅን ከስለቱ ያርቃል፤ ከስንዝር የማትበልጥ ቁራጭ ግን ጣትን ከስለቱ ጎን ታደርሳለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትንሽ ቁራጭ ሲያስፈልገን ቅርጹን በሰፊውና በረጅሙ ሳንቃ ላይ አውጥተን፣ ከዚያ በኋላ በመጋዝ እንቆርጠዋለን። ባለሙያ አስቀድሞ ቆርጦ አይቀርጽም፤ ቀርጾ ይቆርጣል።

አራተኛውን ምክንያት አገራችን ታውቀዋለች። መብራት ይጠፋል። ባንድ ሥራ ቤት ውስጥ ስንረዳ ያየነውን እንንገራችሁ። ሼፐሩ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ቤቱም ጸጥ አለ። ሠራተኛው ማጥፊያውን ሳይነካ በስለቱ መካከል የተጠቀጠቀውን ፍቅፋቂ በጣቱ ሊያወጣ ጎንበስ አለ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ከወዲያ ማዶ «ተው! መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል!» ብለው ጮኹ። ሠራተኛው እየሳቀ ሄዶ ነቀለና ማጥፊያውን ግን እንደ ነበረ ተወው። ጣቱን መልሶ ስለቱ ላይ እንዳደረገ ከጣራው ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ሶኬቱ ባይነቀል ኖሮ መኪናው በዚያችው ቅጽበት ይነሣ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ለብዙ ደቂቃ የተናገረ ሰው አልነበረም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ የማይነሣ፣ ደግሞ ካልተጫኑት የማይሠራ ማብሪያ ያለው መኪና አለ። መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅ። እንዲህ ያለ ማብሪያ የሌለው ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ማጥፊያውንም ያጥፋ፣ ሶኬቱንም ይንቀል።

አሁን ደግሞ ለዚህ ንግግር ያነሣሡንን ሰው ታሪክ እናቅርብ። ስማቸውን እንዳንጠራ ለምነውናል፤ እኛም ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ጋሼ በግራ እጃቸው ሁለት ጣት የላቸውም። ጣታቸውን ያጡት ጀማሪ ሳሉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ እንደ ሆነ ነገሩን። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁራጭ ሲቀርጹ ውለዋል፤ የቀረቻቸው አንዲት ነበረች። መከለያው እይታ ስለሚጋርድ ጠዋት አንሥተውታል። ሰዓቱም መሽቷል። ቁራጯን ይዘው ሲገፉ ጉጥ ላይ ደረሰች። «ቁራጯ ስትሄድ አላየኋትም» አሉን፤ «ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ገበታው ቀይ ሆነ።»

እኛም አላዋቂ ሆነን «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ምን ረሱ?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉ፤ «ምንም አልረሳሁም፣ ልጆቼ። አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። ጣቴን የበላው አለማወቅ ሳይሆን ልማድ ነው። ሺህ ጊዜ ሠርቼ ሺህ ጊዜ በደኅና ወጣሁ፤ ደኅንነቱን የእኔ ችሎታ አደረግሁት።»

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዚህ የተማርነው ዋና ነገር ይህ ነው። በልብ ብቻ የተቀመጠ ጥንቃቄ እንደ ልብ ይደክማል። ጠዋት ይበረታል፤ ማታ ይዝላል፤ ሰው ሲጠራን ይዘነጋል። ስለዚህ ጥንቃቄያችንን በእንጨትና በብረት ሠርተን፣ ከእጃችንና ከስለቱ መካከል ማቆም አለብን። ከእንጨት የተሠራ ጥንቃቄ አይደክመውም፤ ሐሳቡም አይበተንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የምንሠራው ጥንቃቄ ምን ምን እንደ ሆነ በዝርዝር እነሆ።

የመጀመሪያው መግፊያ ነው። ከቁራጭ ሳንቃ ተቆርጦ እጀታ የተበጀለት፣ ከበስተኋላው እንጨቱን የሚገፋ ጥርስ ያለው መሣሪያ ነው። ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ስለቱ መግፊያውን ቢበላው ሌላ እንሠራለን፤ ጣት ግን ሌላ አይሠራለትም። ሕጋችንም ይህ ይሁን፤ እጃችን ከስለቱ አንድ ስንዝር ድረስ ሲቀርብ ሥራውን መግፊያው ይረከበዋል።

ሁለተኛው ማቀፊያ ነው። ትንሽ ወይም ጠማማ እንጨት ሲያጋጥመን፣ እርሱን በትልቅ ሳንቃ ላይ በሞርሳ ወይም በብሎን አሥረን፣ እጃችን የሚይዘው ትልቁን ሳንቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ተጫኝ ነው። ጫፉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ሳንቃ ከገበታው ጋር ይታሠርና እንጨቱን ወደ ማስደገፊያው ይጫነዋል። ጥርሶቹ ወደ ፊት ያስኬዱታል፤ ወደ ኋላ ግን አይመልሱትም። በጣታችን እንጫን የነበረውን እርሱ ይጫንልናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ፤ እንጨት በስለቱና በማስደገፊያው መካከል ተጣብቆ እንዲያልፍ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ እንደ ጥይት ይወረወራልና።

አራተኛው ራሱ መከለያው ነው። መከለያ የማይመች ሆኖ ከተገኘ ማሻሻል እንጂ ማንሣት መልስ አይደለም። ጠምዛዛ እንጨት ሲቀረጽ ቀጥ ያለ ማስደገፊያ ስለማይሆን፣ ስለቱን ከላይ የሚከልል ቀለበትና እንጨቱን ቀስ አድርገን ወደ ስለቱ የምናስጠጋበት መነሻ ምሰሶ ያስፈልጋል።

በእጅ ስለሚያዘው ራውተር ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ሁለት እጀታ የተሠራለት ለሁለት እጅ ነው። ሁለቱም እጆች በእጀታው ላይ ሳሉ አንዳቸውም ከስለቱ ሥር ሊገኙ አይችሉም። አደጋ የሚመጣው ባንድ እጅ መኪናውን፣ በሌላው እንጨቱን ስንይዝ ነው። እንጨቱን የሚይዘው ሞርሳ ይሁን። ስለቱን ስንቀይር አስቀድመን ሶኬቱን እንንቀል፤ የስለቱን ግንድ በሚገባ አስገብተን ጥቂት ሚሊ ሜትር መለስ አድርገን በመፍቻ እናጥብቅ። ጥልቅ ቦይ ሲፈለግ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር እየቀነስን እንሂድ። ስፋቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ስለት ሲገባ ደግሞ ፍጥነቱን ወደ 12,000 ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ያስፈልጋል። ማጥፊያውን ከነካን በኋላም ስለቱ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ይዞራልና፣ ቆሞ እስክናየው ድረስ መኪናውን አናስቀምጥ፣ እጃችንንም አናስጠጋ።

ስለ ጓንት ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጅን ለመጠበቅ ጓንት ማድረግ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን የሚሽከረከር ስለት የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ፣ ሊጫር የነበረውን እጅ ሙሉውን ስቦ ያስገባል። ስለዚህ በእነዚህ መኪናዎች ፊት ጓንት አይደረግም። አምባር፣ ቀለበት፣ ጨሌ፣ የተንጠለጠለ ነጠላና ያልተጠቀለለ እጅጌ እንዲሁ ይወገዳሉ። መነጽር ግን ይደረጋል፤ ጆሮና አፍንጫም ይሸፈናል።

ስለ አገራችን እንጨት አንድ ቃል እንጨምር። የክልላችን ታላቅ ሀብት የሆነው የቆላ ቀርከሃ፣ ማለት ሽመል፣ ከሳንቃ የተለየ ጠባይ አለው። ክብ ስለ ሆነ በገበታ ላይ ይንከባለላል፤ አንጓው እንደ ጉጥ ስለቱን ያነጥራል፤ በሰውነቱም ውስጥ አሸዋ መሰል ነገር ስላለ ስለትን ቶሎ ያደንዛል። የደነዘ ስለት ደግሞ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሠራተኛው አብዝቶ እንዲገፋ ያስገድደዋልና። ስለዚህ ሽመልን እንደ ድንች በእጅ ይዞ ወደ ስለት ማቅረብ አይገባም። ሰንጥቆና አስተካክሎ በኮላ አጣብቆ ሳንቃ ካደረጉት በኋላ፣ ወይም በቦይ ውስጥ አስተኝተው ካሠሩት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ስለ መኪናዎች መከለያ ስምምነት ቁጥር 119ን አውጥቷል። ስምምነቱ አደገኛው ክፍሉ ያልተከለለ መኪና እንዳይሸጥና እንዳይከራይ፣ ሠራተኛም መከለያ በሌለው መኪና እንዲሠራ እንዳይታዘዝ ይላል። አገራችንም ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። በአውሮፓ በእጅ ለሚገፋ ሥራ የሚሠራው የሼፐር ስለት ከግንዱ ከ1.1 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ ይሠራል። እጅ ቢነካው እንኳ ጠልቆ እንዳይበላ ነው። በግንዱም ላይ ኤም፣ ኤ፣ ኤን የሚሉ ሦስት ፊደሎች ይቀረጹበታል። ስለት የምትገዙ ይህን ምልክት ፈልጉ።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀም ያዝዛል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድም። ስለዚህ በክረምት «እስቲ ሞክረው» የምትባሉ ጓደኞቻችን፣ በአክብሮት «ጋሼ፣ እኔ ጫፉን ልያዝ» ማለት ፍርሃት አይደለም፤ ሕግም ከእናንተ ጋር ነው። ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሆኖ ለተጎዳ ተቀጣሪ አዋጁ የአምስት ዓመት ደመወዝ ካሣ ይቆርጥለታል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ በሃያ ዓመቱ እጁን ያጣ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።

አደጋ ከደረሰስ? ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አጥብቆ መጫን፣ እጁንም ከደረት በላይ ከፍ ማድረግ ይገባል። ቡና፣ አፈር ወይም አመድ መነስነስ ጎጂ ነው። የተቆረጠ ጣት ከተገኘ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ይታሠር፤ ከረጢቱም በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጣቱ ራሱ ግን በረዶውን አይንካ። ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የጃፓን ሐኪሞች ፈጽሞ የተቆረጠ አውራ ጣት መልሰው ለመትከል ችለዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሕክምና የሚገኘው በታላላቅ ሆስፒታሎች ነው፤ እኛ ያለንበት ቆላ ሞቃት ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። ለማንኩሽ ልጅ ከሁሉ የሚቀርበው ሐኪም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚሠራው መግፊያ ነው።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት ለትምህርት ቤታችን አንድ ልመናና አንድ ስጦታ አለን። ልመናችን፣ ወደፊት ለእጅ ሥራ ክፍላችን መኪና ሲገዛ መከለያውና በራሱ የማይነሣው ማብሪያ አብረው እንዲገዙ፣ ባይቻል ግን መኪናው ራሱ እንዲቆይ ነው። ስጦታችን ደግሞ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው አሥራ ሁለት መግፊያዎች ናቸው። በመጋዝና በመሮ፣ ያለ ሞተር ሠራናቸው። ክረምት ወደ ሥራ ቤት የምትሄዱ ጓደኞቻችን አንዳንድ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያው ቢስቅባችሁ አትፈሩ።

ጋሼን ልንሰናበታቸው ስንነሣ ከመግፊያዎቹ አንዱን ሰጠናቸው። በሦስቱ ጣታቸው ይዘው አገላበጡት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም «ይህን በዚያን ጊዜ የሚሰጠኝ ተማሪ አልነበረኝም» አሉና ከመኪናቸው አጠገብ በምስማር ሰቀሉት።

እግዚአብሔር የሁላችንንም እጅ ይጠብቅልን።